ከነፕላስቲኩ የተተከለው ችግኝ

ቃለሕይወት፣

የማደሪያችን ቁልፍ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ሥር ነው። የቀረውን ድንች ቀቅለህ ብላው።

የበጎ ፈቃድ ካናቴራዬን ወለል ወልውልበት።

ትናንት ከአሸተን ማርያም ሥር ችግኝ ስንተክል፣ አንተ አስተባባሪያችን «ፕላስቲኩን አታውልቁ» ያልከው አልገባኝም ነበር። ፎቶ ተነሥተን ካበቃን በኋላ ነቅለን መኪና ላይ ስንጭነው ገባኝ። ለካ ዛሬ ኮን ከተማ አጠገብ ካለው ተራራ ላይ ደግመን ልንተክለው ኖሯል። ዩኒቨርሲቲያችን ሁለት ተራራ በችግኝ አለበሰ ይባላል። እኔም አብሬ ነቅያለሁ፤ እጄ እስካሁን ይገማኛል።

ኮን አልመጣም። በጋሸና በኩል ቤተሰቦቼ ቤት ገብቻለሁ።

አሸተን ሥር የሚኖሩት እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ችግኛችንን እንዳይበሉብን ብለው ትናንት ፍየሎቻቸውን አስረዋል። መነቀሉን አላወቁም። ዛሬም ጧት ለታሰሩት ፍየሎች ሣር ሲያጭዱ አይቼ፣ ዞሬ በሌላ መንገድ ሄድኩ።

አንተ ሂድና ፍየሎቹን ይፍቷቸው በላቸው።

የሻው