የግራው ጫማ እዚህ ቀርቷል

መርሳ፣ ሰኔ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዓሪፍ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔም አባዬም ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሲራጅ ካርቶኑን ሲሰጥህ «ሳይክሉስ?» ብለህ እንዳትቆጣው። እሱ ሹፌር ነው፤ የሰጠሁትን ነው የጫነው። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት አንድ የቀኝ ጫማና አንድ የቀኝ ፔዳል ብቻ ናቸው። የግራዎቹ ለምን እንደቀሩ በስልክ መናገር አልቻልኩም። ስትደውል ስልኩን ለአባዬ ሰጥቼ እንደምወጣ ታውቃለህ።

የምትወዳደርለት ክለብ አዲስ ሳይክል ሲሰጥህ አሮጌውን ከነጫማው እቤት ትተኸው ሄድክ። «ከፈለግሽ ንጂው፤ በተራ ጫማ ግን እንዳላይሽ» አልከኝ። «በተራ ጫማ የሚነዳ ገበያተኛ ነው። ጫማሽ ፔዳሉ ላይ ሲቆለፍ እግርሽ ሲወርድም ሲወጣም ይሠራል።» ለማስለቀቅ ተረከዜን ወደ ውጭ ማዞር እንዳለብኝም ግድግዳ አስይዘህ አሳየኸኝ። ጫማው ሰፊ ነበር፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት።

ያልነገርኩህ፣ አንተ በሄድክ በሦስተኛው ቅዳሜ የሆነው ነው። ገበያው በር ላይ ላም ገባችብኝ። ፍሬን ያዝኩ፣ ተረከዜን ማዞር ግን ረሳሁ። ከነሳይክሉ በጎኔ ተጋደምኩ። አንዲት ማንጎ ሻጭ «አንች ልጅ፣ ሳይክሉ ነው ያሰረሽ ወይስ አንች ነሽ ያሰርሽው?» አለች፤ ገበያው ሁሉ ሳቀ። እግሬን ማስለቀቅ አቅቶኝ ሰው እያየኝ ስንፈራገጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳይክሉን ጠረግኩት እንጂ አልነዳሁትም።

ኅዳር ላይ ታጣቂዎቹ መርሳን ይዘው ነበር። ስልክ የለም፣ መኪና የለም፣ መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ናቸው። የአባዬ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት አለቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ነበር የሚቆርጡት። አክስታችን ለይላ ሲሪንቃ ናት፣ እሷም አስም አለባት፤ ትርፍ መድኃኒት እንደማታጣ አውቃለሁ። በእግር ብሄድ ስመለስ ይመሻል፤ አባዬ ደግሞ እስከዚያ የሚቆዩ አልመሰለኝም። ሳይክሉን አወጣሁ።

የሚቆለፈውን ጫማ ይዤ ቆምኩ። መንገዱ ወደ ሲሪንቃ ዳገት ነው፤ አንተ ያልከው ጉልበት ያስፈልገኛል። ግን ድልድዩ ላይ ኬላ አለ፤ ቁም ሲባል ያልቆመ ሞተረኛ ተመቷል ይባላል። እዚያ እንደ ገበያው ብሆንስ? ተራ ጫማ መረጥኩ። ተራ ጫማ ደግሞ ትንሿ ፔዳልህ ላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከሳይክል ጠጋኙ ከአያ ሙሄዲን ሱቅ ተራ ፔዳልና መፍቻ ተዋስኩ። የቀኙን ፈታሁ፣ ተራውን አሰርኩ። የግራውንም እንደዚያው አዞርኩት። እምቢ ሲለኝ በቧንቧ አስረዘምኩና በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። መፍቻው የሚይዝበት ቦታ ተላጠ።

የግራ ፔዳል በተቃራኒው እንደሚፈታ የነገሩኝ አያ ሙሄዲን ናቸው፤ ያም ካበላሸሁት በኋላ ነው። «ስታጠብቂው ነው የዋልሽው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ሳይክልህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አባዬ አያውቁም።

ያን ቀን ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። በግራ እግሬ ያንተን ጫማ፣ በቀኝ እግሬ የትምህርት ቤት ሸራ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ድልድዩ ላይ «ቁሚ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀኝ እግሬን መሬት ላይ አሳረፍኩ፤ ቆምኩ። ጠብመንጃ የያዘው ወጣት እግሮቼን እያፈራረቀ አየና ጓደኛውን ጠራው።

«ና እይ! አንዱ እግሯ ሀብታም፣ አንዱ ድሃ!»

ጓደኛው «የት ነው የምትሄጅው?» አለኝ።

«አባቴ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ሲሪንቃ አክስቴ ጋ መድኃኒት አለ።»

«ጮክ በይ፣ አይሰማም።»

ደገምኩት። እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«ስትመለሽ መድኃኒቱን ታሳይኛለሽ» አለና ለቀቀኝ።

ዳገቱ ላይ ቀኝ እግሬ ሲወርድ ብቻ ነበር የሚሠራው፣ ግራዬ ግን ሲወጣም ይስብ ነበር። ያልከው እውነት ነው። ስመለስ መድኃኒቱን አሳየሁት፤ አገላብጦ አይቶ መለሰልኝ። አባዬ ሁለቴ ሳቡት፣ ትንሽ ቆዩና እግሬን አይተው ባንድ ትንፋሽ «ምነው ጫማሽ እንዲህ ሆነ?» አሉ። ሳይቆርጡ የጨረሱት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው።

ታጣቂዎቹ ታኅሣሥ ላይ ወጡ። እኔ መንዳቱን አልተውኩም። በየሳምንቱ ሲሪንቃ ደርሼ እመለሳለሁ፣ አሁንም በሁለት ዓይነት ጫማ። ማንጎ ሻጯ ሳልፍ ትጮህብኛለች፤ እኔም እጄን አነሳላታለሁ።

ባለፈው ስትደውል «ክለባችን ጀማሪ ሊቀበል ነው፤ ሳይክሉን ላኩልኝ፣ ለአንዱ እሰጠዋለሁ» ያልከውን በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። አባዬ ወደ እኔ አዩ። እኔ ጨርቅ ይዤ ሳይክሉን ልጠርግ ወጣሁ። ሲራጅ ሊጭነው ሲመጣ ግን ካርቶኑን ብቻ ሰጠሁት።

ጀማሪ እኔም ነኝ፤ ሳይክሉን ለእኔ ተውልኝ። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ሲራጅ ሐሙስ ይመለሳል። እምቢ ካልክ ንገረው፤ ሳይክሉን ከግራው ጫማ ጋር ጠርጌ እጭነዋለሁ፣ አልቀየምህም። እሺ ካልክ ምንም መጻፍ የለብህም። የቀኙን ጫማና ፔዳል መልሰህ ላክልኝ። ተረከዜን ማዞር አሁን አልረሳም።

እህትህ ናጅዋ