በሰገነታችን ሥር ለተነፋው መለከት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ስፒሩ ካውኪ፣
የመንደራችን ከንቲባና የቅዱስ ዮሴፍ ማርሽ ባንድ ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጎዞ ደሴት ባለው የበጋ ቤትዎ አየሩ ተስማምቶዎት ፊትዎ እንደ ፈካ ሰምቼ ከልብ ተደስቻለሁ፤ የእኛን ደኅንነት ለመጠየቅ ጊዜ እንደሚያጥርዎት ስለማውቅም ሳልጠየቅ እነሆ ልንገርዎት።

1ኛ/ ወረርሽኙ ማልታ በገባ ሰሞን የላይኛው ሰፈር ሰዎች፣ ማለትም የቅድስት ካታሪና ባንድ ደጋፊዎች፣ ወደ ማኅበራችን ክበብ ድርሽ እንዳይሉ ስላገዱልን እናመሰግናለን። «በሽታው ያለው እነሱ ጋ ነው፤ የእኛ ልጆች ንጹሕ ናቸው!» ብለው በአደባባይ ሲናገሩ ጭብጨባው ለጉድ ነበር። ቫይረስ የባንድ ደጋፊ መሆኑን ከእርስዎ በቀር የነገረን ሐኪም የለም።

2ኛ/ የዓመቱ በዓል ተሰርዞ ሳለ «አጭር ዙር ብቻ» ብለው ባንዱን ወደ ጠባቧ መንገዳችን ስላመጡልን ምስጋናችን እጥፍ ነው። ከእኔ ፊት ለፊት የምትኖረው አስም ያለባት እህቴ ሳልቪና፣ ሳል ሲሰማ እንኳ መስኮት የምትዘጋው፣ ከሰገነቷ ሆና «ስፒሩ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ወዲያ ውሰዳቸው! ትንፋሻቸው እዚህ ድረስ ይመጣል!» ብላ ስትለምን፣ እርስዎ ባርኔጣዎን አንሥተው «ኧረ ሳልቪና፣ ደግሞ አንቺ! የቅዱስ ዮሴፍ ትንፋሽ እኮ ነው፣ ዕድሜ ይጨምርልሻል!» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ነፊዎቹ ሁሉ ክበቡ ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ ከአንድ ትሪ ቀንድ አውጣ በስንጥር እየወጉ ሲበሉ አመሹ። ከመካከላቸው ትልቁን መለከት የሚነፋው ዊስቲን ነበረ፤ ዳቦ ሻጫችን። እኛ ሽማግሌዎች ከቤት ሳንወጣ ቅርጫት በገመድ እናወርድለታለን፣ እሱ ዳቦውን በእጁ ያስቀምጥልናል፣ እንጎትታለን። በዚያ ሳምንት እያሳለ መጥቶ «አቧራ ነው፣ አትፍሩ» ሲለን አመንነው። ዛሬ የሚተነፍሰው በመሣሪያ ነው። የመንገዳችን ሰገነቶችም ተራ በተራ ተዘጉ፤ ሳልቪናም ከትናንት በስቲያ ማሳል ጀመረች። እፈራለሁ ክቡርነትዎ፤ ይህን በጨዋ ቃል መሸፈን አልቻልኩም።

3ኛ/ ለመጪው እሑድ ያሰቡት የምስጋና ሰልፍ ወሬም ደርሶናል። ምክንያቱ ከላይኛው ሰፈር ይልቅ በእኛ የታመመው ሰው ማነሱ ነው አሉ። ድል ነውና እንኳን ደስ አለዎት! የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባንዱ በሌላ መንገድ ይለፍ። እህቴ የቀራት ትንፋሽ ለራሷ ያስፈልጋታል።

ለቅዱሱም ለመለከቱም ያለዎት ፍቅር እንደ ጸና ይቆይልን ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከተዘጋ መስኮት ጀርባ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥዎ ናዛሬኑ ዘራፋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳሽግ አዲሱ ዳቦ ሻጭ ለከሰዓቱ ዙር መጥቶ የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። የሳልቪና ቅርጫት ከጠዋት ጀምሮ ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ የጠዋቱ ዳቦ ውስጡ አለ፣ እርግቦች እየለቀሙት ነው። ተጣራሁ፣ አልመለሰችም። ቁልፏን ይዤ ልሻገር ነው። የእኛን መንገድ የመረጡት ጸጥታ ስላለው እንደሆነ ተነግሮኛል፤ ለእሑድ አይስጉ፣ ከሰገነት የሚጮህብዎት የለም።