በጎጀብ ሜዳ ከአባቴ ጋር

ረቡዕ፣ የካቲት 1 ቀን 1992 ዓ.ም. ከቀኑ 7 ሰዓት

የኋላ ጎማዬ ዛሬም ተነፈሰ። ሁለተኛ ቀን፣ ሦስተኛ ቀዳዳ። አባዬ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ከጎማው ውስጥ ካላማዳሪውን አውጥቶ ይለጥፋል። በአሸዋ ወረቀት ይፍቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ እፍ እያለ ያደርቃል። ባሕር ዳር ሠላሳ ዓመት ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሥራ ላይ ሲሆን ደኅና ነው። ሥራ ሲፈታ ነው የሚብስበት።

ደብተሬ፣ ትናንት ደክሞኝ አልጻፍኩብሽም። አጭሩን ልንገርሽ። ከማስተምርበት ከቦንጋ በጭነት መኪና ቁልቁል ወረድን። የእኔን ብስክሌትና ከት/ቤታችን የስፖርት አስተማሪ የተዋስኩትን ሌላ ብስክሌት ጭነቱ ላይ አስረን። ሾፌሩ ጎጀብ ወንዝ ሳይደርስ፣ ሜዳው ላይ አወረደን። ቦንጋ ዳገት ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ የሚነዳበት አገር እዚህ ነው። የከብት መንገድ፣ የደረቀ ሣር፣ ሩቅ ተራራ። ሙቀቱ ይከብዳል።

ሰበቡ ታሪክ ነው። የድሮው የካፋ መንግሥት ድንበር እዚህ ነበር። ኬላው፣ መሻገሪያው፣ ጠላት እንዳይገባ የተቆፈረው ጉድባ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላየው አስተማርኩት። አሁን የመንፈቅ ዕረፍት ነው፤ ት/ቤት ዝግ ነው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። አባዬን ከሬዲዮ ላርቀው ብዬ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ግንባር ነው። ደብዳቤው ከቆመ ዘጠኝ ወሩ። አባዬ ባለፈው ሳምንት ሳይነግረኝ ከባሕር ዳር ከች አለ። ለምን እንደመጣ ስጠይቀው ናፍቀሽኝ ነው አለኝ። ገብቶ ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀመጠ። አይበላም። የዜና ሰዓት ሲደርስ ይከፍታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። አራት ቀን እንዲህ። አምስተኛው ቀን ብስክሌት ተዋስኩለት።

እዚህ ሬዲዮ የለም። ይበጀዋል ብያለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 2። ከሰዓት በኋላ

ኬላውን አየነው። የሚታይ ነገር ጥቂት ነው። ሁለት ትልልቅ ሾላዎች፣ በሣር የተዋጠ የድንጋይ ክምር። ድሮ እንግዳ ሰው ንጉሡ ይግባ እስኪሉ እዚህ ይቀመጥ ነበር። አንዳንዱ ሳምንት፣ አንዳንዱ ወራት። ይህን ለአባዬ ስነግረው ድንጋዩን ትኩር ብሎ አየ። ሳይፈቀድላቸው የቀሩትስ ብሎ ጠየቀኝ። ይመለሳሉ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ከኋላዬ ጠራኝ። «ትዕግሥት» አለ። ፍሬን ይዤ ዞርኩ። አንዴ ውኃ ጠየቀኝ። ኮዳው እሱ ጋ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ምንም» ብሎ አለፈኝ። ታሞ ይሆን? በመንገዱ ጂማ ሐኪም ቤት ታይቶ ደብቆኝ ይሆን? እየነዳሁ ይህን ብቻ ነው የማስበው። ሜዳው ክፉ ነው። ዳገት ሲሆን ሰው ያለከልካል፣ አያስብም።

ትናንት ያደርነው፣ ዛሬም የምናድረው አቶ ወልደሚካኤል የሚባሉ ገበሬ ቤት ነው። በቆሎና ንብ አላቸው። ሃምሳ ቢሆናቸው ነው። ግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም። ከሚስታቸው ጋር በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ ያወራሉ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ። የወታደር ቤት አማርኛ ነው፤ ትእዛዝ ይመስላል። ትንኝ አለ፣ አጎበር ውሰዱ ብለው የራሳቸውን ለአባዬ ሰጡ። አባዬ እምቢ ቢል ተቆጡት። ደስ አለኝ። ከመጣ ጀምሮ የተቆጣው ሰው የለም።

ዓርብ፣ የካቲት 3። ጧት 3 ሰዓት

ወደ ጉድባው ጉዟችን ለነገ ተላለፈ። የአባዬ ጉልበት አብጧል።

ቁርስ ላይ የጣታቸውን ነገር አነሳሁባቸው። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። አቶ ወልደሚካኤል በደርግ ጊዜ ሰሜን ዘምተው ነበር። ተማረኩ። ስምንት ዓመት ደብዳቤ የለም፣ ወሬ የለም። ቤታቸው ውስጥ አባትየው ሞቷል ብለው ድንኳን ጥለው አለቀሱ። እናትየው አላለቅስም አሉ። መኪና መንገድ ዳር ወጥተው መቀመጥ ጀመሩ። በየቀኑ። ዝናብ ሲሆን የኮባ ቅጠል ተከናንበው። ደርግ ሲወድቅ አቶ ወልደሚካኤል በእግራቸው መጡ። አባትየውን በሕይወት አገኙዋቸው። እናትየው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«እናቴን የእኔ መጥፋት አልገደላትም» አሉ። «ስማረክ ያየ የሰፈራችን ልጅ ነበረ። ከእኔ በፊት ተመለሰ። አፈረ። ምን ብዬ እነግራታለሁ አለና በዚያ መንገድ ሳያልፍ ቀረ። አንድ ሰው ይህንን አይቻለሁ ቢላት ቤቷ ትገባ ነበረ።»

አባዬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተነሳና ወጣ። ብስክሌቶቹ ጋ ሄዶ ካቴናቸውን ማጽዳት ጀመረ። ንጹሕ ናቸው፤ ትናንት አጽድቷቸዋል። ተከትዬው ወጥቼ ይበልጣልም እንዲህ ይመጣል አልኩት። ተማርኮ ይሆናል፤ የተማረከ ደብዳቤ አይጽፍም። ቀና ብሎ አላየኝም።

ተስፋ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 4

ፊደሉ እየተጣመመብኝ ነው። ባይነበብም እጽፈዋለሁ።

ጧት ጉድባው ጋ ሄድን። ሦስታችንም፣ አቶ ወልደሚካኤል በእግራቸው እየመሩን። ሜዳውን ለሁለት ከፍሎት ይሄዳል። አፈሩ ሞልቶታል፣ ግን አሁንም ሰው ይውጣል። አንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ ከአባዬ ቁመት በላይ ነው። እኔ ማስተማር ጀመርኩ። ስንት ሰው እንደቆፈረው፣ አፈሩ ለምን በዚያኛው በኩል እንደተከመረ። ስዞር አባዬ የለም። ውስጥ ገብቷል። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ኮፍያው ጉልበቱ ላይ።

ና ውጣ፣ እባብ ይኖራል አልኩት። አልተነሳም። ወረድኩ።

«እንዲህ ነው የተቀመጠው» አለኝ።

ማን አልኩት። አውቄያለሁ፣ ግን ጠየቅሁት።

ነገረኝ፦ ከጥምቀት በኋላ አንድ ልጅ በክራንች እየተደገፈ ባሕር ዳር ሱቁ መጣ። ከይበልጣል ጋር በአንድ ምሽግ ነበሩ። ይበልጣል ጭኑን ተመቷል። ደሙ ብዙ ነበር። ማፈግፈግ ሲመጣ ልጁ ልሸከምህ አለው። ይበልጣል እንደተቀመጠ መጀመሪያ ያንን ውሰድ ብሎ ሌላውን ቁስለኛ አሳየው። ልጁ ያኛውን አድርሶ ሲመለስ ራሱም ተመታ። ምሽጉ በጠላት እጅ ገብቷል። የመጨረሻው ይኸው ነው። ሲሞት ያየ የለም። በሕይወት ያየም የለም።

ሦስት ሳምንት ይዞት ቆየ። እማዬ አታውቅም። ይኸውና የመጣበት። ናፍቄው አይደለም።

«እኔ ለእናትሽ አልችልም» አለኝ። «አንቺ አስተማሪ ነሽ። መናገር ታውቂበታለሽ።»

ይህን ሲል ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። በጥፊ መታሁት። አባቴን። ከዚያ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አቶ ወልደሚካኤል ከላይ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ።

እሑድ፣ የካቲት 5። ጧት

ሌሊቱን ልተወው።

እንደነጋ ብስክሌቴን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። የትም። ፔዳሉን እየረገጥኩ፣ እየጮህኩ። ሜዳ ላይ ማንም አይሰማም። ከብቶች ቀና ብለው ያያሉ። ያንን ውሰድ። ያንን ውሰድ ያለው ለምንድነው? ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። እማዬ ዳቦ ስትቆርስ ትልቁን የሚያነሳው እሱ ነበር። ማንን አስቀድሞ ያውቃል? መቼ ተማረው?

ልጁንም ጠላሁት፣ ባለ ክራንቹን። ተሸክሞ ያዳነውንም ጠላሁት። ስሙን አላውቀውም፤ አንድ ቦታ ቁርስ እየበላ ይሆናል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፊት ጎማዬ ጉድጓድ ገባ፣ ተገለበጥኩ። ክርኔ ተልጧል። የት እንዳለሁ አላውቀውም ነበር። ጸሐዩ ላይ ተጋድሜ ባልነሳስ ብዬ አሰብኩ። በእውነት አሰብኩ። ለማን ብዬ ነው የምነሳው?

ቆይቶ የብስክሌት ድምፅ። አባዬ ነው። ያበጠ ጉልበቱን ዘርግቶ፣ በአንድ እግሩ እየረገጠ። አጠገቤ ሲደርስ ወረደ። መሪዬ ተጣሞ ነበር፤ የፊት ጎማውን በጭኖቹ መሃል ይዞ አቃናው። ከዚያ በኮዳው ውኃ ክርኔን አጠበልኝ።

ይቅርታ አልኩት። መምታትሽ ልክ ነበር አለኝ። ልክ አይደለም አልኩት። ሁለታችንም አለቀስን። ከመጣ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ገና አሁን ነው። ድምፅ የለውም። ትከሻው ብቻ።

እሑድ፣ ከሰዓት

ሦስት ሐሳብ አለ። አንደኛ፣ ለእማዬ ምንም አለመናገር። ትጠብቅ። ሁለተኛ፣ ሞቷል ብሎ ማርዳት፤ ድንኳን ተክሎ መገላገል። አባዬ ወደዚህ ያዘነብላል። ሰልችቶታል። ሦስተኛውን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ልጁ ያየውን ብቻ መንገር። ምንም ሳንጨምር፣ ምንም ሳንቀንስ።

አባዬ ይህስ ከሁሉም ይከፋል አለ። ማልቀስም አትችል፣ መጠበቅም አትችል። እውነቱን ነው። አቶ ወልደሚካኤልን ጠየቅኋቸው። እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው አላሉም። ነገ ጧት አውቶቡስ መንገድ ድረስ እሸኛችኋለሁ ብቻ አሉ።

ሰኞ፣ የካቲት 6። ጧት 2፡30፣ መንገድ ዳር

ወስነናል። ወደ ቦንጋ ሳይሆን ወደ ጂማ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ት/ቤት ሳይከፈት አልደርስም። ለዳይሬክተሩ በአንድ ሾፌር ወረቀት ልኬያለሁ። ቢቀጡኝም ይቅጡኝ። ብስክሌቶቹ አቶ ወልደሚካኤል ዘንድ ይቆያሉ።

ተናጋሪው እኔ አይደለሁም። ይህን ለአባዬ ቁርጡን ነገርኩት። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ከዚያ ባለ ክራንቹን ልጅ ቤት እንጠራዋለን። እማዬ ራሷ ትጠይቀው። የፈለገችውን ያህል።

አባዬ ምን ብዬ ልጀምር አለኝ።

«ይበልጣል ጭኑን ተመትቷል ብለህ ጀምር» አልኩት። «ከዚያ ሌላውን ውሰድ ማለቱን ንገራት። እሱን እንዳትዘል።»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እየተለማመደ ነው። ጭኑን ተመትቷል። ጭኑን ተመትቷል። ከዚያ በላይ አይሄድም። እንደገና ይጀምራል።

ከቦንጋ በኩል አቧራ ተነሳ። አውቶቡሱ መሰለኝ። አባዬ ተነስቷል፣ ኮፍያውን አደረገ፣ እጄን ይዞ እያስነሳኝ ነው።