ውሃ ላይ ያረፍክ ቀን

«ማንንም አልወቅስም» አልከኝ? ማን አትውቀሰኝ ብሎ ለመነህ! ይልቅ ያነደደኝ ቀጥለህ ያልከው ነው። «ቪዲዮውን የላክሁት እኔ ነኝ፣ አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በረራውን ትቼዋለሁ» አልክ። ትቼዋለሁ! ሚኒባስ መሰለህ እንዴ፣ ደከመኝ ብለህ መንገድ ዳር አቁመኸው የምትወርደው?

ይኸው ተናድጄ ሰላም እንኳ ሳልልህ ጀመርኩ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ጤናህስ? የካናዳ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ሐይቁ በረዶ ሆነ ወይስ ገና ነው? ገመድ ስጎትት እጄ ተሰነጣጠቀ ብለህ ነበር፣ ቫዝሊን ቀባው። እማዬ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምግብ መቅመስ ጀምራለች። ሊያም ደህና ናት፤ እህትህን ታውቃታለህ፣ አሁን ቤቱን የምታዘው እሷ ነች። እኔ ደህና ነኝ። እኔ መቼ ታምሜ አውቃለሁ?

በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ሞክሬያለሁ። ሦስቴም ስታለቅስ ሰማሁህና ኔትወርክ የጠፋ አስመስዬ ዘጋሁት። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ጽሑፍ ነው ብለህ እንዳትስቅ። እጅ ጽሑፌ ቢያስጠላም ጭንቅላቴ ዲግሪ ከያዘው ሁሉ ይበልጣል።

ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ስላንተ የማያውቅ ሰው የለም። እኔ ነኛ ያስተማርኩት! «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!» እያልኩ ቅጥቅጡን ስሞላ፣ መሀል ላይ «ወንድሜ አውሮፕላን ውሃ ላይ ያሳርፋል» እላለሁ። ወያሎቹ «ፓይለት ነው ወይስ ዓሣ?» ብለው ይሳሳቃሉ። ሰብስቤ አስረዳቸዋለሁ። በጎማ ፈንታ ሁለት ጀልባ የመሰለ እግር አለው እላለሁ። ወንድሜ መጀመሪያ የሐይቁ ዳር ላይ አውሮፕላን በገመድ የሚያስር ነበር፣ ነዳጅ የሚቀዳ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት የአውሮፕላኑ እግር ውስጥ የገባውን ውሃ በእጅ ፓምፕ የሚያወጣ ነበር፣ ደሞዙን ሳይበላ ለመማሪያ እየከፈለ ነው እዚህ የደረሰው እላለሁ። ደግሞ የሚያስፈራው ማዕበሉ እንዳይመስላችሁ፣ ውሃው መስታወት መስሎ ጸጥ ሲል ነው፣ ያኔ ውሃው ጋ ለመድረስ ምን ያህል እንደቀረህ አታውቅም እላለሁ። አንተ አንዴ የነገርከኝን እኔ መቶ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ስሜን ራሱ ረስተውት «ፓይለት» ነበር የሚሉኝ። እኔም አቤት እል ነበር።

ቪዲዮው የደረሰኝ ቀን እንግዲህ አስበኝ! አስተማሪ አጠገብህ ሳይኖር፣ ብቻህን ያረፍክበት! «ለአባዬ እንዳታሳየው፣ ውሃ ላይ መሆኑን አያውቅም፣ ራሴ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ» ብለህ ጽፈህልኛል። ልክ ነበርክ። አጎታችንን ብሩን የጊቤ ወንዝ ከወሰደው ወዲህ፣ አባዬ ክረምት ከገባ ድልድይ እንኳ አይሻገርም ነበር። ለአባዬ አላሳየሁትም። ማርያምን፣ አላሳየሁትም።

አሁን የምነግርህን ግን ሊያም አታውቅ፣ እማዬም አታውቅ።

አንተ የላክኸው ሙሉውን ነበር። አውሮፕላኑ ይወርዳል፣ ውሃው ይረጭና ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ከጭሱ ውስጥ እንደሚወጣ ነገር ብቅ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ዳር ይመጣል፤ በሩን ከፍተህ፣ የአውሮፕላኑ አንዱ እግር ላይ ቆመህ እጅህን ታውለበልባለህ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ውሃው የሸፈነህ ቦታ ላይ ቆረጥኩት። ሰው እንዲደነግጥልኝ ነው። መናኸሪያ ውስጥ መጀመሪያ ግማሹን አሳይና፣ ሻይ የሚሸጡት ሴቶች «ውይ! ውይ ልጁን!» ሲሉ፣ ደረቴን ነፍቼ ሌላውን ግማሽ አወጣለሁ። ጭብጨባውን ብትሰማው! እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ጨዋታው ስለጣመኝ ግማሹን ሾፌሮቹ የሚጻጻፉበት ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ቀሪውን ነገ እለቀዋለሁ፣ እስከዚያ ልባቸው ይንጠልጠል አልኩ።

የሞርሲቶ መስመር ሾፌሩ ጁነዲን ያንኑ ዕለት ለተሳፋሪ አሳየው። የማን ልጅ ነው ቢሉት፣ ሆሳዕና ያለው የወልደኪዳን ልጅ፣ ካናዳ የሄደው አላቸው። ውሎ ሳያድር ሞርሲቶ ላለችው ለአክስታችን ለፋንታዬ ደረሳት። አስመጥታ አየችው። አንድ ወንድሟን ውሃ የወሰደባት ሴት ናት፣ ሌላ ምን ታስብ? ደውላ ብትጠይቅ ኖሮ! ግን አንተም ታውቃለህ፣ መርዶ በስልክ አይጠየቅም፣ በስልክም አይነገርም። ቤተሰቡ ገና አልሰማም ይሆናል ብለው አፋቸውን ይዘው አደሩ። ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባታችንንና ሁለት ሽማግሌ ይዛ መጣችና፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችንን አንኳኩ። እንደ ወጉ ነው ያደረጉት። እነሱ ምንም አላጠፉም።

የከፈተላቸው አባዬ ነው። አንድ ቃል ሳይናገሩ አያቸውና «የትኛው ነው?» አለ።

የትኛው። ሁለት ወንድ ልጅ ነው ያለው። እኔ ደግሞ አንተን ሳከብር አምሽቼ ስለነበር ቤት መግባቴን አላየም። የእትዬ ፋንታዬን ለቅሶ ሰምቼ በቁምጣዬ ከጓዳ ወጣሁ። ዞሮ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን ወንድሜ። እኔ መሆኔን ሲያይ ነው ደጃፉ ላይ የተቀመጠው።

ስልኬን አምጥቼ ሙሉውን ዓይኑ ሥር ደቀንኩት። «ይኸው! ይኸው እጁን ሲያውለበልብ!» ብዬ በመናኸሪያ ድምፄ ጮህኩ። እትዬ ፋንታዬ እግሩ ሥር ወድቃ «ተሳስቼ ነው ወንድሜ፣ በለኝ፣ ግደለኝ» አለችው። እሱ ግን «ይኼ የድሮው ነው፣ ልታጽናኑኝ ነው» አለ። «ድምፁን አሰሙኝ።» ደወልን። አንተ ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት ካምፕ ዕቃ ልታራግፍ ሄደሃል። ያንኑ ቀን ራሱን ስቶ ሆስፒታል አስገባነው፤ እዚያ ተኝቶም ሊያ እየደወለች ጆሮው ላይ ታደርግለታለች። ያቺ የስልኳ ሴትዮ በእንግሊዝኛ የምትለውን እስከ መጨረሻው ይሰማና «ድገሚው ልጄ» ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ድገሚው። በሦስተኛው ቀን መጠየቁን ተወ። አንተ የደወልከው በአምስተኛው ቀን ነው።

ሐኪሙ ደም ግፊት አለ። ሁሉም ደም ግፊት አለ። እኔም ለቅሶ ለሚደርሰው ሁሉ «ደም ግፊት ነበረበት» እያልኩ አርባው ወጣ። ንፍሮ የሚያድል፣ ወንበር የሚያመላልስ፣ ድንኳን የሚተክል እኔ፤ ሰው ሁሉ «ጎበዝ ልጅ፣ አባቱን ቀበረ» ብሎ መረቀኝ። አሜን ብዬ ተመረቅሁ።

ስለዚህ ያንን «እኔ ነኝ» የምትለውን ነገር አንሳልኝ። ያንተ አይደለም። አንተ ሙሉውን ልከሃል፣ አታሳየው ብለሃል። የቀረህ አንዲት ፈተና ናት። አለቃህ ፈቃዱን ስትይዝ ለሐይቅ ዳር መንደሮቹ ዕቃ የማድረሱን ሥራ እሰጥሃለሁ ብሎሃል። ሄደህ ያቺ የፓይለት ወንበር ላይ ተቀመጥ። ካልተቀመጥክ እኔ ሁለት ሰው ገድያለሁ ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ አልሸከምልህም። ከሰደብከኝ ስደበኝ። ወንድሜ አይደለህም ካልክም በል። እኔ ስድብ አይገድለኝም።

እኔ ለራሴ አላንስም፣ ስለእኔ አታስብ። እዚህ መናኸሪያ ቆሜ ስንቱን የሰፈር ልጅ ወደ ሞያሌ ጭኜ ሸኝቻለሁ። አንዳንዱ ከደቡብ አፍሪካ ይደውላል፣ የአንዳንዱ እናት እስከ ዛሬ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ደላሎቹ ስንቴ «ና እንጂ» ሲሉኝ፣ የፓይለት ወንድም በእግሩ አይሄድም ብዬ ስቄባቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሲጠይቁኝ አልሳቅሁም። ለእማዬ ዱራሜ ሥራ አገኘሁ ብያታለሁ፤ ከጠየቀችህ ዱራሜ ነው በላት። ወፍራሙን ጃኬትህን ከሳጥን አውጥቼ ወስጄዋለሁ፣ እንዳትቆጣ። ለእሷ በየእሑዱ ደውልላት፣ አንድ እሑድ እንዳታሳልፍ። ከእንግዲህ የሚደውልላት አንተ ነህ።

እግዚአብሔር ከላይ ነፋሱን፣ ከታች ውሃውን ያለዝብልህ። ያወጣህን ያግባህ። የአባዬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። እኔንም ... እሱ ያውቃል።

ታናሽ ወንድምህ

ትበራለህ ወይስ አትበርም? አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ። ስልኬን ለወያላው ለናስረዲን ሸጬዋለሁ፣ ዓርብ ጠዋት ይረከበኛል። እስከ ሐሙስ መልስ!