ለወንድሜ የተነገረው ውጤቴ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ዛሬም ግራ እጄ ከዳኝ። ለደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ ሜትሩ ወደቀ። ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ዶ/ሩ የጭንቅላቴን የኤምአርአይ ፊልም ካየ ወዲህ ለኔ የነገረኝ ነገር የለም። «ወንድሟ ነህ? አንተ ቆይ፣ እሷ ውጭ ትጠብቅ» ነው ያለው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሃያ ሁለት ሰፈር የራሴ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ። ጭንቅላቱ የኔ፣ ውጤቱ የሰይድ! ታላቄ ሰይድ ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። «ምንም የለም፣ ደህና ነሽ» አለኝ። ደህና ከሆንኩ እጄ ምን ሆነ? አንተ ማስታወሻ፣ አንተም ዝም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ
ቤቱ ተለውጧል። እማ ሥጋውን ከራሷ ፊት እያነሳች ወደኔ ትገፋለች። ስገባ ወሬ ይቆማል። አክስቴ ከደሴ መጣች፤ እንዲሁ ናፍቃችሁኝ ነው ትላለች። እንዲሁ ብሎ ከደሴ የሚመጣ ሰው አላውቅም! ዘመድ እንዲህ የሚሰበሰበው መርዶ ሊነገር ሲል ነው። የማን መርዶ? ቤት ውስጥ ያልተነገረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ልሞት ነው እንዴ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቱ ይሻላል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ
ሰይድን ያዝኩት። መድኃኔዓለም ጋ የሚነዳውን ሚኒባስ ሲያሳጥብ ጋቢና ገብቼ ቁጭ አልኩ፤ ካልነገርከኝ አልወርድም አልኩት። ቀለደ። ተቆጣ። ከዚያ አለቀሰ።

ለካ እሱም አያውቅም! «ፊልሙ ላይ ነጠብጣብ አለ፣ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም፣ ከጀርባዋ ፈሳሽ ተቀድቶ ይመርመር።» ዶ/ሩ ያለው ይሄን ብቻ። ቀጠሮም ነበረኝ፣ ሐሙስ። አክስቴ የመጣች ቀን። እማ ከጀርባው ተቀድቶለት ቆሞ የሄደ የለም ብላ አስቀረችው። እኔ ሞቴን ሳሰላ እነሱ ተመካክረው ቀጠሮዬን ሰረዙ! «አለማወቁ ይከብድሻል ብዬ ነው እኮ» ይለኛል። እስካሁንስ ማን ተሸክሞት ነው? በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወረድኩ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
ብቻዬን ሄድኩ። ዶ/ሩ ሰይድን ፈልጎ ከኋላዬ አየ። የለም አልኩት። ከዛሬ ጀምሮ የሚገኘውን ሁሉ መጀመሪያ ለኔ ይንገሩኝ አልኩት። ቤተሰብ ነው እንዲህ የሚፈልገው አለ። «እኔን የጠየቀኝ አለ?» አልኩት። ከዚያ ወንበር ሳበልኝ፣ ፊልሙን አሳየኝ። ምርመራው ሽባ አያደርግም፤ ራስ ምታት ግን ሊኖረው ይችላል። ከዚያ በኋላም በሽታው ላይለይ ይችላል አለኝ። ይሄኛው አመመኝ። ግን እኔን እያየ ነው የነገረኝ።

ቀጠሮ ዓርብ ጠዋት። እማ ታለቅሳለች። አክስቴ ውሳኔውን አዘግዪው ትላለች። አላዘገይም፣ እገባለሁ። የተገኘውን እኔ ሰምቼ እኔ እነግራቸዋለሁ። ካልታወቀም፣ «አልታወቀም» የሚባለው ለኔ ነው።