የውሰት ኮድና የዓመት ፈቃዴ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽስ? ጠብታውን ሳታቋርጪ ታደርጊያለሽ ወይስ «ተሽሎኛል» ብለሽ ተውሽው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምታነብልሽ ታናሿ እህቴ ከራሷ እንዳትጨምርበት ጆሮሽን ጣል አድርጊ።

ባለፈው በስልክ «ለዓይን ቀዶ ጥገናዬ ትመጫለሽ ወይ?» ስትዪኝ «አያለሁ» ብዬ ወሬ ቀየርኩብሽ። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ «አንቺ ከሄድሽ ማን ይደርስልናል?» ብሎኝ ነበር። የምንሠራው ሕመምተኞች የሐኪም ቀጠሮ የሚይዙበትን ዌብሳይት ነው። እኛ ከምንጽፈው ይልቅ የማናውቃቸው ሰዎች ጽፈው በነፃ የለቀቁት ኮድ ይበዛበታል፤ እነሱ ባሻሻሉት ቁጥር የእኛም ቤት ይነቃነቃል። ስለዚህ ከየኮዱ የትኛውን ቅጂ፣ የድሮውን ወይስ አዲሱን፣ እንደምንጠቀም የሚቆልፍ ፋይል አለን። ጠባቂዋ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሻይ ሳይበርድለት ስለሚጠጣ ችኩሌ ያልነው ባልደረባችን፣ ፋይሉ ረዝሞበት «ራሱ ተመልሶ ይሠራል» ብሎ አጠፋው። እውነትም ተመልሶ ተሠራ፤ ግን አዲስ አዲሱን ሁሉ ሰብስቦ። ከውሰት ኮዶቹ አንዱ የሆነው የቀን መቁጠሪያ በአዲሱ ቅጂው ሳምንቱን ከሰኞ መጀመሩን ትቶ ከእሑድ ጀመረ፤ ከላይ የጻፍናቸው የቀን ስሞች ግን ባሉበት ቀሩ። ማክሰኞ ብለው የመረጡ ሰዎች ቀጠሯቸው ሰኞ ተመዝግቦ አለፈባቸው። የስድቡን ዶፍ የተቀበለችው ምስኪኗ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ናት።

የድሮውን ቅጂ መልሼ ነገሩን አበረድኩት። አለቃዬ «አላልኩሽም? ያለ አንቺ አይሆንም» ብሎ ፈቃዴን ጭራሽ ዘጋው። ማሞገሱ መስሎት! እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ታውቂያለሽ። ችኩሌን አጠገቤ አስቀምጬ፣ አንዱን ብቻ አሻሽሎ ሳይፈትሽ ወደ ሌላው እንዳያልፍ አስተማርኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? የማያስፈልገንን የውሰት ኮድም አራግፈን ጣልን።

ትናንት አንዱ ኮድ ለሌባ በር ይከፍታል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ ጣቴን እንዴት እንዳሳከከኝ! ችኩሌ ብቻውን ቀየረው፤ ቀጠሮ ይዞ ሞከረ፣ ሰረዘ፣ ቀኑን ደጋግሞ አየ። አለቃዬ ስክሪኑን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ፈቃዴን ፈረመ።

አባዬን፣ አናጢውን አጎቴን፣ ትልቁን ወንድሜንና ነርሷን ሚስቱን ሰላም በዪልኝ። አንቺም አንባቢዋ፣ እዚህ ላይ አልቅሰሽ እማዬን እንዳታስደነግጪብኝ።

እማዬ፣ ፋሻውን ሲፈቱልሽ ፊትሽ የምቆመው እኔ ነኝ። ታዲያ የመጀመሪያ ቃልሽ «ምነው ከሳሽ?» እንዳይሆን፣ አደራ።

ልጅሽ

ከመሥሪያ ቤቴ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ጥቅምት ፲፬ ቀን