ሳልጠይቅ የሞላሁት ቅጽ

ለእትዬ ጋዲሴ፣

ለመሆኑ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪሽስ እንደ በፊቱ ያመናጭቁሻል ወይስ ትንሽ ረገብ አሉ? እዚህ ቤት የታመመ የለም፤ የተጨነቀ ግን አንድ አለ፤ እሱም እኔ ነኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ጫልቱ አንቺ ወዳለሽበት ዱባይ እንደምትመለስ ስሰማ በእሷ እጅ ልልክልሽ ወረቀት አነሣሁ።

እንደምታውቂው፣ እንግዶችን በገመድ ተራራ በሚያስወጣው ድርጅት ውስጥ መንገድ መሪ ከሆንኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሸገር ከደላው ወዲህ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተራራ ያምረዋል። እኛ እንጨት ለቅመን እያማረርን የወረድነውን የረር ተራራን እነሱ ከፍለው ይወጡታል።

ደንባችን ግልጽ ነው። እንግዳው ከመሳፈሩ በፊት ስለ ልቡ፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለሚውጠው መድኃኒት ጠይቄ ቅጹን እሞላለሁ። እሱም የተናገረው እውነት እንደሆነና በራሱ ኃላፊነት እንደሚወጣ ይፈርማል። ከዚያ ተራራው ሥር ጥቂት አስኬጄ ትንፋሹን አያለሁ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ስንጭን፣ ሳምራዊት የምትባል ልጅ አባቷን አቶ ግርማይን ይዛ መጣች። ስድሳውን ያለፉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሌሎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ፤ እሳቸው ጋ ስደርስ አፌ ተያዘ። የአባቴን እኩያ በልጃቸው ፊት ምን በሽታ አለብዎት ማለት ነውር መሰለኝ። ደህና ነዎት አይደል አባባ፣ አልኳቸው። ተመስገን አሉ። አንድ ሐሙስ የቀረውም ሰው እኮ ተመስገን ነው የሚለው! እኔ ግን ከላይ እስከ ታች «የለም፣ የለም» እያልኩ ሞላሁት። መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ሳያነቡ ፈረሙ። ተራራው ሥርም እንዳያፍሩ ብዬ ትንፋሻቸውን አላየሁም፤ ይባስ ብዬ ቦርሳቸውን ተሸከምኩላቸው።

ገመዱን ይዘው ግማሽ ያህል እንደወጡ ደረታቸውን ያዙ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። አውርጄ፣ አዝዬ፣ መኪናው ድረስ ሮጥኩ። ኪሳቸው ውስጥ የልብ መድኃኒት ተገኘ። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ከአልጋ ግን እስካሁን አልተነሡም፤ ልባቸው ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ተብሏል። ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው፣ ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር ልጄ አሉኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ አምደሚካኤል ደግሞ፣ ጠይቄያቸው ደብቀውኛል የሚል ወረቀት አዘጋጅተው ፈርም ይሉኛል። ከፈረምኩ ጥፋቱ የሽማግሌው ይሆናል፤ የድርጅቱ ኢንሹራንስም ለሕክምናቸው አይከፍልም። ካልፈረምኩ ቅጹ የእጄ ጽሕፈት ነውና ሁሉም በእኔ ይላከካል፤ መባረሩ ሳያንስ ክስም አለ ብለውኛል። ሽማግሌውስ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን አያውቁም ነበር ወይ፣ ፊርማቸውስ አለበት አይደል እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። እውነትም አለበት። ጠያቂው ግን እኔ ነበርኩ።

ትናንት ሳምራዊት ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘችኝ። አቶ አምደሚካኤል ቀድመው ደውለውላት ኖሯል። አባቴ ዋሽቶህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መሬት መሬት አየሁ። ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጥራ እንባዋ መጣና ስለ አባቷ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ወንድምሽም ምንም አይደለም አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ልደውልላት ሁለት ጊዜ ስልኬን አወጣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረቀቱ ይጠብቀኛል። ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ወይ ሥራ ፈት ሆኛለሁ፣ ወይ ፈርሜያለሁ። የትኛው እንደሚሆን እኔም አላውቅም፤ ራሴን ፈርቼዋለሁ እትዬ።

ወንድማችን ኡርጌሳ ከፋብሪካው ፈረቃ ሲወጣ ሰላም በልልኝ ብሏል። ባለቤቱ ሜቲ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ልጃቸው በዳሳ መራመድ ጀምሯል። እማዬም በጣም ናፍቀሻታል፤ ወንድምሽ ሰው ከሞት አዳነ ብለህ ጻፍላት ብላኛለች፤ ይኸው ጻፍኩ። እሁድ ሰንበቴ ላይ ሽማግሌዎቹ ፊት አቁማ አስመርቃኛለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።

ወንድምሽ ሌንጮ
ቦሌ ለሚ፣ አዲስ አበባ
ጥር 17 ቀን 2008 ዓ.ም.